ዝርዝሩ የማን ነው?

ፕሮግራመሮች ሲገናኙ የሚከራከሩት ስለ ፍሬምወርክ ነው፣ ስለ ፍጥነት ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ኤአይ ነው። ስለ ኢነም የሚከራከር ሰው ብዙ አላየሁም። እኔ ግን ሰሞኑን ጠዋት ማታ የማስበው እሱን ሆኗል። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚህ ጅማ ሆነን ትንሽ ቋንቋ እየሠራን ነው። የቡና መረከቢያና የክፍያ ደንብ የሚጻፍባት፣ የማኅበር ሒሳብ ያዥ ራሷ አንብባ «ልክ ነው» ወይም «እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» የምትልባት ቋንቋ። ለጊዜው ቃላቷ አማርኛ ናቸው፣ አፋን ኦሮሞው ይከተላል። ቁጥሩ፣ ሉፑ፣ ፈንክሽኑ ቶሎ አለቀልን። ኢነሙ ጋ ስንደርስ ቆምን። ለምን እንደቆምን መጻፍ ፈለግኩ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከሚመስለው በላይ ጥልቅ ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ነገር ሊሆን የሚችለው በስም የሚታወቁ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ከሆነ፣ እነሱን ስም በስም ዘርዝረህ አዲስ ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ትፈጥራለህ። ኢነም ማለት ይህ ነው። የሳምንቱ ቀን ሰኞ ብሎ ይጀምራል፣ እሑድ ላይ ያልቃል፣ ስምንተኛ የለም። ኢነም ከሌለህ ሰኞን 1፣ ማክሰኞን 2 እያልክ በቁጥር ትሠራለህ። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ኮዱን ሲከፍት «ሁኔታው 3 ከሆነ» የሚል መስመር ያገኛል፣ 3 ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ የባሰው፣ ቁጥር ከቁጥር ጋር ይደመራል። ማክሰኞን ከቡና ዓይነት ጋር ብትደምረው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ምንም አይልህም፤ ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

ይህን ነገር በወጉ አድርጎ ቋንቋ ውስጥ ያስገባው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ነው፣ በ1970 ባወጣው ፓስካል። (የቋንቋዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፓስካል ላይ ስሞቹን ቅንፍ ውስጥ ትደረድራለህ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቀንን ከቀለም ጋር ማነጻጸር አትችልም፣ ኮምፓይለሩ አያሳልፍህም። የሚቀጥለውን አባል መጠየቅ፣ የቀደመውን መጠየቅ፣ ስንተኛ እንደሆነ መጠየቅ ትችላለህ። አሬይ (በተራ የተደረደረ መረጃ) በቁጥር ፋንታ በቀን ስም ይቆጠርልሃል። የአባላት ስብስብም መያዝ ትችላለህ፤ ለምሳሌ የገበያ ቀኖችን ብቻ። እውነትና ሐሰት እንኳ እዚያ ኢነም ናቸው፣ ሐሰት ይቀድማል፣ እውነት ይከተላል። ይህ በጣም ያምረኛል። ቋንቋው ለራሱ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ለኔም ሰጠኝ ማለት ነው። አንድ ጉድለት ነበረው፤ ስሙን ስክሪን ላይ በቀጥታ ማተም አይቻልም ነበር። የአባሉን ስም ለማሳየት አንድ በአንድ «ሰኞ ከሆነ ሰኞ ብለህ ጻፍ» እያልክ ትዘረዝራለህ። ኋላ የመጣው ኤዳ የሚባል ቋንቋ ይህን አስተካክሎታል።

«ሲ» የሚባለው ቋንቋ ስሙን ወሰደ፣ ጥበቃውን ተወው። ሲ ላይ የኢነም አባል ተራ ቁጥር ነው። ሦስት አባል ባለው ኢነም ውስጥ 57 ብታስቀምጥ ተቀብሎህ ይቀጥላል። ስሞቹም ከኢነሙ ወጥተው ሜዳው ላይ ይበተናሉ፤ አንዱ ኢነም ውስጥ «ሌላ» የሚል አባል ካለ፣ ሁለተኛው ኢነም ውስጥ «ሌላ» ማለት አትችልም። ለዚህ ነው የድሮ የሲ ኮድ ላይ እያንዳንዱ ስም ፊት ለፊቱ ረጅም ቅጥያ ተሸክሞ የምታየው። ሲ ፕላስ ፕላስ ይህን ያስተካከለው በ2011 ነው፣ በአዲስ ዓይነት ኢነም፣ አሮጌውን ሳይነካ። አሮጌውን ማንሳት አይቻልም፤ የስንት ሰው ኮድ በእሱ ላይ ቆሟል። ቋንቋ ስትነድፍ የሚያስፈራው ይህ ነው። የዛሬ ስንፍናህ ለሠላሳ ዓመት ይቀመጣል።

ጃቫ ደግሞ ጭራሽ ኢነም ሳይኖረው ነው የተወለደው። እስከ 2004 ድረስ፣ ማለትም እስከ ቨርዥን 5፣ ሰው በቋሚ ቁጥሮች ነበር የሚሠራው። ሲመጣ ግን ከብዙዎቹ የተሻለ ሆኖ መጣ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አባል የራሱን መረጃ መያዝ ይችላል። ይህ ለኛ ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ላሳይ። ጅማ ቡና የሚመዘነው በኪሎ፣ በፈረሱላና በኩንታል ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እንግዲህ መለኪያ የሚል ኢነም ብትሠራ፣ ፈረሱላ የሚለው አባል 17ን ይዞ ይዞራል፣ ኩንታል 100ን። «ፈረሱላ ከሆነ በ17 አባዛ» የሚል መስመር በየፋይሉ መበተን ቀረ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚኖረው።

አሁን ከኛው ቤት ነገር እንነሳ። አራቱን ዘመናት እንውሰድ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ከዚህ የተሻለ የኢነም ምሳሌ አላገኘሁም። አራት ናቸው፣ አምስተኛ አይመጣም። ዓመቱን ለ4 ታካፍላለህ። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁት 5500 ደምረው ከዓመተ ዓለም ነው የሚነሱት፣ ግን 5500 ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል ውጤቱ አይለወጥም። በኛ አቆጣጠር 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። 2016 ዮሐንስ፣ 2017 ማቴዎስ።

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከዮሐንስ ቀጥሎ ማን ነው? እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ ማቴዎስ። ፓስካልን ብትጠይቀው ግን ስህተት ነው የሚልህ፣ የመጨረሻው አባል ቀጣይ የለውም። ለፓስካል ዝርዝር ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሰልፍ ነው። ዘመናቱ ግን ይዞራሉ። የሳምንቱ ቀኖችም ይዞራሉ። የቡና ደረጃ ደግሞ አይዞርም፤ ደረጃ 1 ከደረጃ 2 ይበልጣል፣ ከመጨረሻው በኋላ ተመልሶ አንደኛ የለም። የክፍያ ዓይነት ከሁለቱም አይደለም። በእጅና በባንክ ከሚከፈለው የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም የለውም። ሆኖም ፓስካልም ጃቫም ለሁሉም ሳይጠየቁ ቅደም ተከተል ይሰጣሉ። የኔ አቋም፣ ቅደም ተከተል በነጻ መሰጠት የለበትም። የሚፈልገው ይጠይቅ። ሃስኬል የሚባለው ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ታይፑን ስትጽፍ «ይነጻጸር»፣ «ይቆጠር» ብለህ ለይተህ ታዛለህ። እኛም ይህን ወስደናል፣ «ዙር» የሚል ቃል ጨምረንበት።

ወሮቹም እንዲሁ ናቸው። በድሮው የጃቫ ካላንደር ጥር ወር (የፈረንጁ) ቁጥሩ 0 ነበር፣ ታኅሣሥ 11። ስንት ፕሮግራመር እዚህ ላይ እንደወደቀ! የሚገርመው ግን እዚያው ካላንደር ውስጥ የአሥራ ሦስተኛ ወር ቋሚ ቁጥርም አለ፣ ለጨረቃ አቆጣጠሮች ተብሎ የተቀመጠ። በ2014 የመጣው አዲሱ የጃቫ የጊዜ ላይብረሪ (ሌሎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ወርን ትክክለኛ ኢነም አደረገው፣ አባላቱም 12 ብቻ ሆኑ። ጳጉሜን እዚያ ቦታ የላትም። በመጀመሪያ ይህን ሳይ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ላይብረሪው ልክ ነው እላለሁ። ያ ዝርዝር የዓለም ወር ሁሉ ዝርዝር አይደለም፣ የአንድ አቆጣጠር ዝርዝር ነው፣ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም 12 ናቸው ብሎ ጨርሷል። የኛ 13 ወሮች የራሳቸው ኢነም ይሠራላቸዋል። ጳጉሜንን እዚያ እንደ ተጨማሪ መለጠፍ ሁለቱንም ነው የሚያበላሸው።

«ባለቤት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ባለፈው የቡና ወቅት ከጅማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ መረከቢያ ጋ ሥራውን ለማየት ሄጄ ነበር። መዝገቡን የሚይዙት ሴትዮ የደረሰኝ ጥራዛቸውን አሳዩኝ። ሁለት ዓምድ ታትሞበታል። አንዱ እሸት ይላል፣ እንደተለቀመ ያለው ቀይ ቡና፤ አንዱ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው። በሁለቱ መሐል፣ መስመሩ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጠበብ ተደርጎ «እ/ጀ» የሚል ተጽፏል። በየገጹ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ የትኛው ጋ ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

«የትም አይገባም ልጄ። እርጥብ ጀንፈል ነው። እሸት እንዳትለው ጠውልጓል፣ ጀንፈል እንዳትለው ገና ውሃ አለው። ዋጋውም ለብቻው ነው።»

ወረቀት ይህን ይችላል። መስመር ላይ ትጽፍበታለህ። የገዙት የኮምፒውተር ሥርዓት ግን አልቻለም። መመዝገቢያው ፎርም ላይ ኋላ ሦስተኛ ምርጫ ተጨመረ፤ ክፍያውን የሚያሰላው ክፍል ግን ሁለት ብቻ ነበር የሚያውቀው። «እሸት ከሆነ እንዲህ አስላ፣ ካልሆነ እንደ ጀንፈል አስላ» ይላል። እርጥቡ ሁሉ በደረቅ ዋጋ ተከፈለ፣ በደረቅ ሚዛን ተመዘገበ። ወቅቱ ሲያልቅ መጋዘን ያለው ቡና ከወረቀቱ ጎደለ። የጎደለው ውሃ ነው፣ ተንኖ ሄዷል። ግን «ቡናው የት ገባ?» ተብለው የተጠየቁት ሴትዮዋ ናቸው። ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እኔ ግን ውስጤ በግኗል። አንዲት «ካልሆነ» የምትል መስመር ሰውን ሌባ ልታስብል ትችላለች።

ጥሩ የኢነም ንድፍ የሚከላከለው ይህንን ነው። ኤምኤልን፣ ሃስኬልን፣ ረስትን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ላይ አባላቱን አንድ በአንድ ስታስተናግድ ኮምፓይለሩ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። አንዱን ከዘለልክ ይነግርሃል፤ ረስት ጭራሽ አልሠራም ይልሃል። አዲስ አባል ስትጨምር ደግሞ ያንን ኢነም የሚነካ ቦታ ሁሉ በአንዴ ቀይ ይሆናል። ክፍያው፣ ሪፖርቱ፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም «እርጥብ ጀንፈልን ምን ላድርገው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ሲ ላይም ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር የተዘለለ አባል ካለ ሊያስጠነቅቅህ ይችላል፣ ግን «ሌላው ሁሉ እንዲህ ይሁን» የምትል አንዲት ዲፎልት ከጻፍክ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ሰው ዲፎልት የሚጽፈው ለጥንቃቄ ብሎ ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሊጮህልህ የነበረውን አፉን ትይዘዋለህ።

ያኔ ጓደኛዬ የተናገረው ብዙ አስጨነቀኝ። «ሁልጊዜ እንዲቆጥር እናስገድደው እንግዲህ፣ ምን አስቸገረህ?» አለኝ።

የሚያስቸግረው ይህ ነው። ዝርዝሩ የኔ ካልሆነስ?

ቪርት ራሱ እዚህ ግድግዳ ጋር ተጋጭቷል። ፓስካልን ከሠራ በኋላ ሞጁላ ሁለትን ሠራ፣ ከዚያ በ1988 ኦቤሮንን አወጣ፣ ኦቤሮን ውስጥ ኢነም የለም። ያስገባውም ያወጣውም እሱ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ኢነም ከሞጁል (ለብቻው ከሚጻፍ የፕሮግራም ክፍል) ድንበር አልፎ ሊሰፋ አይችልም ይላል፤ ወይ የማስፊያ መንገድ ይሠራለት፣ ወይ ይውጣ፣ እሱ ማውጣቱን መረጠ። እኔ በውሳኔው አልስማማም። ምርመራው ግን ልክ ነው። ኢነም አንድ ሰው ጽፎት ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ጊዜ ነው ችግሩ የሚጀምረው። እኔ ላይብረሪዬ ውስጥ አምስተኛ አባል ስጨምር፣ አዳማ ያለ የማላውቀው ሰው ኮድ ይሰበራል። ካልሰበርኩበት ደግሞ፣ አባሉ ሳይታይ በዲፎልት በኩል ያልፋል፣ ልክ እንደ እርጥቡ ጀንፈል።

ለዚህ በየቦታው መልስ ተሞክሯል። ስዊፍት የሚባለው ቋንቋም ረስትም በ2019 ያወጡት ተመሳሳይ ሐሳብ አለ። ረስት ላይ የኢነሙ ጸሐፊ «ይህ ዝርዝር አልተዘጋም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ከውጭ የሚጠቀም ሰው «ያላወቅኩት ከመጣ» የሚል ቅርንጫፍ የግድ ይጽፋል። በራሱ በጸሐፊው ክፍል ውስጥ ግን ኢነሙ እንደተዘጋ ይቆያል፣ ኮምፓይለሩ መቁጠሩን አያቆምም። ስዊፍት ደግሞ አንድ የሚያምር ነገር አለው፤ ያላወቅከውን የምታስተናግድበትን ቅርንጫፍ ጽፈህም ቢሆን፣ የምታውቀውን አባል ከዘለልክ ያስጠነቅቅሃል። ጎግል ለመልእክት መለዋወጫ የሠራው ፕሮቶባፍ ሌላ መንገድ ሄዷል። የማያውቀው ቁጥር ቢመጣለት አይጥለውም፣ እንዳለ ይዞ ያሳልፋል፣ ምክንያቱም ላኪው ከተቀባዩ በፊት አዲስ ቨርዥን ሊጭን ይችላል። የመጀመሪያው አባል ደግሞ 0 መሆን አለበት፣ እሱንም «አልተገለጸም» ብለህ እንድትተወው ይመክራሉ።

ይህ የዜሮ ነገር ቀላል አይደለም። «ጎ» የሚባለው ቋንቋ ላይ ኢነም የለም፣ ቋሚ ቁጥሮችን በተራ የሚደረድር ዘዴ ነው ያለው፣ ያልተሞላ ነገር ሁሉ ደግሞ በራሱ 0 ይሆናል። እሸትን የመጀመሪያ አድርገህ 0 ከሰጠኸው፣ ዓይነቱ ያልተሞላ ደረሰኝ ሁሉ እሸት ሆኖ ያድራል። እኛ ጋ ያልተሞላ ነገር ያልተሞላ ሆኖ ይቀራል፣ ደንቡ ሲነካው ይቆማል። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረንም።

ብዙ የተከራከርነው አባሉ ምን ይያዝ በሚለው ላይ ነው። የጃቫ ፈረሱላ ሁሌም 17ን ነው የሚይዘው። ጀንፈል ግን እያንዳንዱ ጆንያ የራሱ ርጥበት አለው። እሸት ርጥበት አይለካም፣ እሱ የሚያስፈልገው የተለቀመበት ቀን ነው፣ ካደረ ይበላሻላ። ስለዚህ አንድ ሰንጠረዥ ሠርተህ «ቀን» እና «ርጥበት» የሚሉ ዓምዶች ለሁሉም ብታበጅ፣ ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ዓምድ ደግሞ ስህተት የሚራባበት ቦታ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር በ1965 ባዶ ማመልከቻን፣ ነል የምንለውን፣ ቋንቋ ውስጥ አስገብቶ በ2009 የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ጠርቶታል። መፍትሔው ቆየት ያለ ነው። በ1980 አካባቢ ኤዲንብራ ላይ የተሠራው ሆፕ የሚባል ቋንቋ ጀምሮ፣ በኤምኤልና በሃስኬል በኩል አልፎ፣ ዛሬ ረስትና ስዊፍት ላይ እያንዳንዱ አባል የራሱን ዓይነት መረጃ ይዞ ይመጣል። እሸት ከሆነ ቀን አለው፣ ርጥበት የሚባል ነገር ልትጠይቀው አትችልም። ጀንፈል ከሆነ ርጥበት አለው። «አለ» እና «የለም» ራሳቸው ሁለት አባል ያሉት ኢነም ሆኑ፣ ነልም አላስፈለገም።

ጓደኛዬ በመጀመሪያ አልወደደውም። «ሒሳብ ያዥ ይህን አንብባ አትረዳም» አለ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈን ለአንዲት ሒሳብ ያዥ አሳየናት።

ዝርዝር ርክክብ፦
 እሸት (የተለቀመበት ቀን)
 ጀንፈል (ርጥበት)
 እርጥብ ጀንፈል (ርጥበት፣ የተስማሙበት ዋጋ)

አየችውና «ደረሰኙ ላይ የሚሞላው ነዋ» አለች። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገም። ቀጥሎ የደረጃውን ዝርዝር አሳየናት፤ ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እያለ የሚወርደውን፣ «ጅማ 5» ተብሎ የውጭ ገበያ ላይ ሳይቀር የሚታወቀው ስም የሚወጣበትን። እሱን ስታይ የተናገረችው ነው ነገሩን የፈታልን። «ይኸኛውን እኛ አንነካውም፣ ከላይ ነው የሚመጣው» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔና ጓደኛዬ የምንጠይቀው «ይህ ዝርዝር ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?» ብለን ነበር። ዘመናቱ አይለወጡም፣ ስለዚህ ዝግ። የርክክቡ ዓይነት ይለወጣል፣ ስለዚህ ክፍት። ደረጃው ከስንት አንዴ ነው የሚለወጠው፣ ስለዚህ ዝግ። ጥያቄው ራሱ ልክ አልነበረም። መጠየቅ ያለበት፣ ዝርዝሩን የሚለውጠው ሰው ዝርዝሩን የሚጠቀመውን ደንብ አብሮ ሊለውጥ ይችላል ወይ ነው። የርክክቡን ዓይነት የሚጨምረው ማኅበሩ ነው፣ የክፍያውን ደንብ የሚጽፈውም ማኅበሩ ነው፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ቢለወጥ እንኳ ዝግ መሆን አለበት። ዛሬ «እርጥብ ጀንፈል» ሲጨመር ኮምፓይለሩ ደንቡን ሁሉ አንቆ ይይዘዋል፣ እስኪሞላለት። ደረጃው ግን ለሃያ ዓመት ባይነካ እንኳ ክፍት ነው። አንድ ቀን ከላይ አዲስ ደረጃ ቢመጣ እዚህ ያለችው ሒሳብ ያዥ ማንንም ማስቆም አትችልም፣ የሷ ደንብ ከወዲሁ «የማላውቀው ደረጃ ከመጣ» ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል።

የቡና ዝርያውም እንዲሁ ክፍት ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን 74110ን፣ 74112ን፣ 74158ን እዚህ አካባቢ የማያውቅ ገበሬ የለም። 74 የሚለው የፈረንጁን 1974 ነው፣ እንደዚያው በፈረንጅ በ1971 አገር ውስጥ የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዛፎች የተመረጡበትን ዓመት። ቁጥር ይመስላሉ እንጂ ቁጥር አይደሉም፣ ስም ናቸው። 74110 ላይ አንድ ደምሮ 74111 ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኢነምን በተራ ቁጥሩ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ጃቫ ላይ አባሉ ስንተኛ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፣ ያንን ቁጥር ግን ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አንድ ሰው ዝርዝሩን በፊደል ተራ ላስተካክል ብሎ አንድ አባል መሐል ቢያስገባ፣ ያለፈው ዓመት ጀንፈል ሁሉ በአንድ ሌሊት ሌላ ነገር ይሆናል። የኛ ቋንቋ የሚያስቀምጠው ስሙን ነው። ተራ ቁጥሩን ለማየት የሚያስችል ምንም መንገድ አልሰጠንም፣ አንሰጥምም።

በመጨረሻ የተስማማንበት እንዲህ ነው። ዝርዝር በተጻፈበት ፋይል ውስጥ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ወደ ውጭ ሲላክ «ክፍት» ወይም «ዝግ» ተብሎ የግድ ይጻፋል፣ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ዘመን ዝግ ተብሎ ይላካል። ርክክብ ለማኅበሩ ዝግ ነው፣ የብዙ ማኅበራትን ደረሰኝ ለሚሰበስበው ዩኒየን ግን ክፍት ሆኖ ይሄዳል፣ ምክንያቱም አንዱ ማኅበር የጨመረውን ሌላው ላያውቀው ይችላል። ክፍት ዝርዝር ላይ ያልታወቀ አባል ሲመጣ የሚጻፈው ቅርንጫፍ ዋጋ ማስላት አይፈቀድለትም። ደረሰኙን ለብቻው ያስቀምጣል፣ ስሙን እንደተጻፈ ያሳያል፣ ሰው ይጠብቃል። ይህችን ገደብ ጓደኛዬ በጣም ጠበቀች ይላል፣ እኔ ግን አልለቃትም። እነዚያን ሴትዮ አይቻለሁ።

አሁን የቀረን መሰረዝ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ የኢነም ታይፕ ከሠራህ አባል መጨመር ትችላለህ፣ ማውጣት ግን አይፈቅድልህም፣ እኔም ይገባኛል፤ አሮጌው መዝገብ ውስጥ ያ ስም ተጽፏል። እኛ «ያበቃ» የሚል ምልክት እየሞከርን ነው። ያበቃ አባል አሮጌ ደረሰኝ ላይ ይነበባል፣ ይሰላል፣ አዲስ ደረሰኝ ላይ ግን አይጻፍም። ለመጻፍ የሞከረ ሰው የሚያየው መልእክት ለጊዜው «ይህ ዓይነት በ2017 አብቅቷል፤ የድሮውን ማንበብ እንጂ አዲስ መመዝገብ አይቻልም» ይላል። ርዝመቱ አልተመቸኝም። መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚጠብቅ ሰው ፊት ቆሞ የሚነበብ ነውና፣ ያጠረ ሐሳብ ያለው ይላክልኝ።